የዳንኪረኞቹ ሳጥን

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሜሮን ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና የሳጥን ፎቶዎች ታሳየኝ ጀመር። ለሠርጓ የቀለበት ማስቀመጫ የሚሆን ነገር እየፈለገች ነበር። በጣቷ ገፋ ባደረገች ቁጥር አንዱ ሳጥን ይሄድና ሌላው ይተካል፤ አበባ ያለበት፣ ወፍ ያለበት፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተከታተፈ።

«እማማ፣ ይሄን እዪው እስቲ። ከጣሊያን አገር የመጣ የጥንት ዕቃ ነው ይላል። ቀለሙ ሲያምር!»

«ቀለም አይደለም» አልኳት፤ «እንጨት ነው።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ሁሉም። ቢጫው የሎሚ እንጨት ይሆናል። ጥላ የመሰለው ደግሞ በጋለ አሸዋ የተለበለበ ነው።»

ሜሮን ስልኩን ትታ እኔን ማየት ጀመረች። «አንቺ ይሄን የት አወቅሽው?»

ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ ምናምን ብዬ ነገሩን አዞርኩት። ፊቴ ግን ሲግል ይሰማኝ ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ፣ ያውም በገዛ ቤቴ፣ በልጅ ልጄ ፊት።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ድሬ ዳዋ ነው፤ መጋላ፣ ደቻቱ ዳር። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ግመል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጥበታል። ከላይ፣ ከደጋው፣ ዝናብ የጣለ ቀን ግን ድሬ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ሰማዩም ጥርት እንዳለ፣ ውሃው ዛፍና ድንጋይ እያግበሰበሰ ድንገት ይደርሳል። ስለዚህ ድሬ ላይ የጎርፍ ታሪክ የሌለው ቤት የለም። የእኛ ቤት ታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

አባቴ አቶ ታደሰ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። ከሥራ ሲመለስ ሙሽበክ በጋዜጣ አስጠቅልሎ ይመጣል፤ የዚያ ጣፋጭ ዘይት ጋዜጣውን አልፎ ጣቶቹን ያብለጨልጫቸው ነበር። አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ግቢው ውስጥ ውሃ ረጭተን የጠፍር አልጋዎቹን እናወጣለን። ጎረቤት ይሰበሰባል። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም ይወደው ነበር። ከአጠገባችን ሱቅ የነበረው ሶማሌው አደን ገና ሳይቀመጥ፣ «ወሪያ ታደሰ! የጎርፉን አውራ እንጂ አቦ!» ይለዋል። አባቴም ከዚያ በፊት ተናግሮት እንደማያውቅ ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርግና ይጀምራል።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከሥራ ሲመለስ ደቻቱ ሞልቶ ያገኘዋል። ከማዶ አንዲት የጣሊያን ሴት ፀጉሯን እየነጨች ትጮሃለች። ውሃው መሃል፣ ጉቶ ላይ፣ አንድ ሕፃን ተንጠልጥሏል። አባቴ ልብሱን ሳያወልቅ ይገባል። እዚህ ላይ ሲደርስ ከአልጋው ተነሥቶ በእጆቹ ይዋኛል፤ እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሕፃኑን አንገቱ ላይ አድርጎ ይወጣል። ሴትየዋ እግሩ ላይ ትወድቃለች። ብር ስትሰጠው፣ «እኔ ነፍስ በገንዘብ አልሸጥም» ይላታል። በማግሥቱ ከቤቷ ዕቃ ሁሉ የምትወደውን ይዛ ትመጣለች። «ያቺውላችሁ!» ብሎ በክፍቱ በር ወደ መደርደሪያው ያመለክታል።

መደርደሪያው ላይ ያለችው ሳጥኗ ነበረች። አንድ ክንድ አይሞላ ርዝመቷ፤ ክዳኗ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይደንሳሉ። ሴትየዋ በሌላው እጇ ትንሽ ከበሮ አንሥታለች፣ ወንዱ ሾጠጥ ያለ ቆብ ደፍቷል፣ ከበስተኋላቸው ባሕርና ተራራ ይታያል። እንደ ወረቀት ከሳሳ እንጨት ተቆርጦ፣ ቀለሙ ከየዛፉ ተመርጦ፣ አንዱ ከሌላው ጎን ተገጥሞ የተለጠፈ ሥራ ነው። እጅ ሲያሳልፉባት እንደ መስተዋት ልሙጥ ናት። ልጅ ሆኜ ሲያመኝ እናቴ አውርዳ አጠገቤ ታስተኛልኝ ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምወደው የሴትየዋን የቀሚስ ጫፍ ነው፤ ከቀረው ቀሚስ ቀላ ይላል። ስትሽከረከር ገበሩ የታየ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር ስጣላ እንኳ በሆዴ «እኔ ነፍስ ያዳነ ሰው ልጅ ነኝ» እል ነበር። ሌላው ልጅ በአባቱ ቤት ወይም በአባቱ ከብት ይኮራል፤ እኔ በዚያ።

ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ሰይፉ የሚባል ልጅ ሽማግሌ ላከ። የአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ጸሐፊ ነበር፤ ፈረንሳይኛ የሚናገር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ቤተሰቦቹ ከእኛ ከፍ ያሉ ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ ንግሥት፣ «ከባቡር ሠራተኛ ጋር ነው የምንዛመደው?» ብለው ፊታቸውን ማጥቆራቸውን ሰምቼአለሁ። ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት አጎቱ አቶ ወልዴ ግን የጎርፉን ታሪክ ሲሰሙ ጭናቸውን እየመቱ፣ «በቃ! መዛመድስ እንዲህ ካለው ጋር ነው!» አሉ። ወይዘሮ ንግሥትም ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ጋብቻዬ በዚያች ሳጥን ተፈቀደ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። አባቴ፣ «ወርቅሽን አስቀምጪባት፤ ከእንግዲህ ያንቺ ናት» ብሎ ሳጥኗን ሰጠኝ። የድሬ ሙቀት ግን ጎድቷት ነበር። በአንድ በኩል ልባጡ፣ የተለጠፈው ስስ እንጨት፣ ተነሥቷል፤ የወንዱ ቆብ ተሸርፎ ወድቋል። ላስጠግናት ነው ስል እናቴ ከማጀት ሆና፣ «ተያት። ከቤት አታውጫት» አለችኝ። እንዳትሰበር ፈርታ መሰለኝ። አባቴን በጥገናው ላስደንቀው ብዬ ለእሱ ሳልናገር፣ ሰይፉን አስከትዬ ይዣት ወጣሁ። ከደቻቱ ማዶ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ጣሊያን አናጢ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቷል ተብሎ ይወራ ነበር።

ከዚራ ከመጋላ አንጻር ሌላ አገር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጥላው የማያልቅ። ወሩ ሚያዝያ ነበርና ሌላው አገር «የድሬ ዳዋ ዛፍ» የሚለው ያ ዛፍ ከአናት እስከ ወገቡ ቀይ አበባ ለብሷል፤ የረገፈው መንገዱን ሸፍኖት የጋሪያችን ፈረስ ምንጣፍ ላይ የሚረግጥ ይመስላል። ሰይፉ ዘይቱን የምንለውን ፍሬ ገዝቶልኝ እሱን እየገመጥኩ፣ ሳጥኗን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከእኔ በላይ የታደለ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

አናጢው ሲኞር ኤንሪኮ ይባላል። በጣሊያን ጊዜ ድሬ የነበረ፣ እንግሊዞች ማርከውት የቆየ፣ ከዚያ አገሩ ገብቶ እንደገና ሚስቱን ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። በሩን ስናልፍ የኮላና የተላገ እንጨት ሽታ ተቀበለን። ሰውዬው መጥበሻ ላይ አሸዋ አግሎ፣ ቅጠል የምታህል ስስ እንጨት በጉጠት ይዞ ጠርዟን አሸዋው ውስጥ ይነክራል። ሲያወጣት ጠርዟ ጠይም ሆኗል፤ እየሳሳ ሄዶ መሃሏ ላይ ቢጫ ይሆናል።

«ጥላ» አለን እያሳየን። «ፀሐይ አለ፣ ጥላ አለ። ጥላ የለም፣ ሥዕል ሞተ።»

ሰይፉ ወሬ ይወድ ነበርና ጥያቄ አከታተለበት። ሰውዬውም ደስ ብሎት እንደ ክር የቀጠነ መጋዙን፣ ከወይራ፣ ከብርቱካንና ከሎሚ የተሰነጠቁ ስስ እንጨቶቹን አንድ በአንድ አሳየን። እኔ ነጠላውን ስፈታ እጁን አጨበጨበ።

«ሶሬንቶ! ይሄ የኔ አገር! የድሮ፣ የድሮ ሥራ፣ አያት ጊዜ! ከየት መጣ?»

«ለአባቴ የተሰጠ ስጦታ ነው» አልኩት በኩራት።

ልባጡ የተነሣበትን፣ ቆቡ የወደቀበትን ዳሰሰ። «ቀላል ነው። ለሙሽራ ቆንጆ እናደርጋለን» አለና ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዳት። ጣቱ ክዳኑን እየዳበሰ ሄዶ የሴትየዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ አሸት አደረገው። እርጥበቱ ሲነካው ቅላቱ ጎላ። ወደ ብርሃኑ ይበልጥ አስጠግቶ አየው።

«ይሄ ሶሬንቶ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ቁርቁራ ነው። ከደቻቱ ዳር። እኔ ቆረጠ።»

ሰይፉ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«እኔ ቆረጠ» አለ ደግሞ፤ ድምፁ ተለውጧል። «መርከብ ላይ ተሰበረ። እኔ እዚህ፣ ድሬ፣ ሠራ። ለሮዛ።» ከዚያ ወደ ጓሮው ዞሮ በቋንቋው ተጣራ።

ሚስቱ ሲኞራ ሮዛ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ጠና ያለች፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ የሸበተ። ሳጥኗን አየች። አልጮኸችም። የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባሏ፣ «የሮዛ እናት ሰጠ። ለሠርግ» አለን።

ያን ጊዜ እንኳ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? አባቴ ልጇን ያወጣላት ሴት ተገኘች ብዬ ልቤ ዘለለ። «እኔ የታደሰ ልጅ ነኝ!» አልኳት። «ልጅዎን ከጎርፍ ያወጣው! ደቻቱ የሞላ ቀን!» ያልገባት መስሎኝ ልክ እንደ አባቴ በእጆቼ እየዋኘሁ አሳየኋት።

ሴትየዋ መጀመሪያ ባሏን አየችው። ቀጥላ እኔን። አማርኛዋ ከእሱ ይሻል ነበር።

«ልጄ» አለችኝ፤ «እኔ ልጅ ወልጄ አላውቅም።»

እጆቼ አየር ላይ ቀሩ። ሰይፉን ለማየት አልደፈርኩም፤ ባርኔጣውን በጣቶቹ ሲያዞር ግን ይታየኛል።

ከዚያ የሆነውን ነገረችን። የጣሊያን ጦር ድሬን ለቆ በወጣ ጊዜ ባሏ ከወታደሮቹ ጋር ነበር፤ እሷ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። ከተማው ባለቤት አጣ፤ ሰው እየገባ ያገኘውን ተሸክሞ ወጣ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ አንድ ረጅም ሰው ብቻውን ገባ። እሷ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ አገኛት። ክርና አዝራሯን አልጋው ላይ ዘርግፎ፣ ሳጥኗን ይዞ ሄደ።

«አልመታኝም» አለች። «ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አላየኝም። እንደ ወንበር አልፎኝ ሄደ።»

ሳጥኗን እዚያው ትቼ ልሮጥ ተነሣሁ። ሲኞራ ሮዛ ግን በሁለት እጇ ወደ እኔ ገፋቻት። «ውሰጂ። ካንቺ አልቀበልም። አንቺ ምን አደረግሽ? እሱ ያምጣ።»

በጋሪው ስንመለስ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ አለቀስኩ። ሰይፉ፣ «ምን ያስለቅስሻል?» ይለኛል። «ከጣሊያን ነው እኮ የወሰደው። እነሱ ስንት ቤት አቃጥለዋል! ይሄ ጀግንነት እንጂ ነውር አይደለም።»

«ጀግንነት ከሆነ ጎርፉን ለምን ፈጠረው?»

ጥቂት ከሄድን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለማንኛውም እናቴ ጆሮ እንዳይደርስ» አለኝ። እሱም እንዳፈረ ያን ጊዜ ገባኝ።

አባቴ ግቢው ውስጥ ሐብሐብ እየቆረጠ ነበር። ሳጥኗን በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት።

«ሴትየዋን አገኘኋት» አልኩት። «ልጅ የላትም። እሱ ራሱ ያምጣ ብላለች።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። እናቴ ከማጀት ብቅ ብላ አየችንና፣ «ተያት ብዬሽ ነበር» ብላ ተመለሰች። ታውቅ ነበር። እነዚያን ሁሉ ምሽቶች፣ ጎረቤት ሲያጨበጭብ፣ እሷ እያወቀች ውሃ ስታቀርብ ኖራለች።

አባቴ እጁን ጠርጎ ጀመረ። ታሪክ ሲያወራ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም፤ ቃሉ እየተንጠባጠበ ይወጣ ነበር።

«ሰው ሁሉ ሲገባ አይቼ ገባሁ። ወንድሜን ገድለውብኛል፤ በእሱ ፈንታ ነው አልኩ። መንገድ ላይ ግን፣ ጋቢዬ ውስጥ ሸፍኜ ስመጣ፣ የወንድሜ ዋጋ ይቺ ናት ወይ? አልኩ። ልመልሳት ዞርኩ፤ ተኩስ በረታና ፈራሁ። በማግሥቱ ደግሞ አፈርኩ። ያን ሰሞን አደን መጥቶ ‹ይቺን ከየት አገኘሃት?› ሲለኝ ጎርፉ ከአፌ ወጣ። አንዴ ከወጣ ማቆሚያ አጣሁለት።»

አላጽናናሁትም፤ አልተቆጣሁትም። ሐብሐቡ ላይ ዝንብ ሲወር አየሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ለሠርጌ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ጠበቀኝ። ሳጥኗን ነጠላ ላልብሳት ስል ከለከለኝ።

«ሳመጣት ሸፍኜ ነው ያመጣኋት። ስመልሳት ትታይ» አለ።

ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይጋረፍ ነበር። በገበያው መሃል፣ ሳምቡሳ ከሚጠብሱት ሴቶች አጠገብ፣ ሳጥኗን ደረቱ ላይ አቅፎ ሄደ። እኔ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ቀርቼ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤአለሁ። አደን ከሱቁ ደጃፍ፣ «ወሪያ ታደሰ! ሳጥኗን ወዴት?» ብሎ ጮኸ።

«ለባለቤቷ» አለው አባቴ ሳይቆም።

ሲኞራ ሮዛን በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ሳጥኗን በሁለት እጁ ዘረጋላት። እሷ ወዲያው አልተቀበለችም።

«ያን ቀን ለምን አላየኸኝም?» አለችው።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ።

«ባይሽ ኖሮ መውሰድ አልችልም ነበር» አላት።

ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። ይቅርታ አድርጌአለሁ አላለችም፤ አልረገመችውም። ሳጥኗን ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች። አባቴ የሚጨመር ነገር ያለ መስሎት ባርኔጣውን እንደያዘ ቆመ። ሴትየዋ ግን አልተመለሰችም። በመጨረሻ ሲኞር ኤንሪኮ ብቅ ብሎ፣ «አቶ፣ በቃ። ሂድ» አለው፤ ቁጣ አልነበረበትም።

እኔ ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰይፉ አፉን ዘጋ፤ አደንም ምን እንደገባው እንጃ፣ ስለ ጎርፉ መጠየቅ ተወ። ሠርጉ ደረሰ። ግቢያችን ላይ ዳስ ተጣለ፤ ለክርስቲያኑ ዶሮውና ጠጁ፣ ለእስላም ጎረቤቶቻችን በአደን ቤት የታረደው ፍየልና ሩዝ ቀረበ። ወይዘሮ ንግሥት እንኳ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ከምግብ በኋላ አቶ ወልዴ ብርሌያቸውን ይዘው ተነሡ።

«ጸጥታ!» አሉ። «ይሄን ቤተሰብ ለምን እንደመረጥን ዘመዶቻችን በጆሯቸው ይስሙ። አቶ ታደሰ፣ የጎርፉን ታሪክ!»

ዳሱ አጨበጨበ። እኔ በዓይነ ርግቤ ውስጥ ሆኜ፣ አጭር አድርገህ አውራና ተቀመጥ፣ አንዴ ብቻ፣ ዛሬን ብቻ እያልኩ በልቤ ለመንኩት። አባቴ ተነሣ። ጉሮሮውን አልጠረገም።

«ያ ታሪክ ውሸት ነው» አለ። «ሕፃን አልነበረም። ጎርፍም አልነበረም። ሳጥኗን ከአንዲት ሴት ቤት፣ ሴትየዋ ቆማ እያየች፣ ዘርፌ ነው ያመጣኋት። አሁን መልሼላታለሁ። ልጄን በውሸት መርቄ መስጠት አልፈልግም።» ይህን ብሎ ተቀመጠ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ መሰለኝ። ሰይፉ አጠገቤ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከኋላ አንዱ፣ «እንዴት በሠርግ ቀን!» ሲል ሰማሁ። አቶ ወልዴ ብርሌያቸውን ሳይጠጡ አስቀመጡ። ዘፋኙ ቶሎ ጀመረ፤ አጃቢ ግን አጣ።

ስወጣ የአባቴን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አልኩ። እጁን ራሴ ላይ አድርጎ፣ «ቀና በይ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለኝ በጆሮዬ። መቃናት ግን አልቻልኩም። አንገቴን እንደደፋሁ መኪናው ውስጥ አስገቡኝ።

ከሠርጉ በኋላ በአማቴ ቤት አንድ ነገር አየሁ። ወይዘሮ ንግሥት መኝታ ቤት ባለ መስተዋት ትልቅ ቁም ሣጥን ነበር፤ አናቱ ላይ በላቲን ፊደል የሁለት ሰዎች ስም መነሻ በአበባ ተከቦ ተቀርጿል። የሙሽሮች ዕቃ እንደሆነ ያስታውቃል። ስመለከተው አዩኝና፣ ሳልጠይቃቸው፣ «የተገዛ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ አላረፈም። ለአራስ ጥየቃ፣ ለለቅሶ በገባሁበት ቤት ሁሉ የነሐስ ጉልላት ያለው የብረት አልጋ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የስፌት መኪና አይ ነበር። የገዛም ይኖራል፤ ያልገዛም። በዚያ ዳስ ውስጥ ራሱን ያቀረቀረው እንግዳ ሁሉ ስለ አባቴ ብቻ እንዳላፈረ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ለዚያም ይሆናል ይቅር ያላሉት። ሰው እየቀነሰበት ሄደ። አመሻሽ ላይ ከአደን በቀር የሚመጣ ጠፋ፤ ሁለቱ አልጋው ላይ ተቀምጠው ስለ ሙቀቱና ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራሉ።

አንድ ጊዜ ከአባቴ ጋር በከዚራ ስናልፍ ሲኞራ ሮዛን አገኘናት። ባርኔጣውን አነሣላት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ይኸው ነው። በኋላ ባልና ሚስቱ አገራቸው ገቡ ሲባል ሰማሁ። አባቴ እኔ ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ ዓመት ሞተ። ሰይፉ ደግ ባል ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ግን የሠርጋችንን ቀን አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ልጆቻችን አያታቸውን የሚያውቁት ዝምተኛ ሰው ነበር እየተባለ ነው። ያን የመሰለ ጨዋታ አዋቂ!

ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ያን ቀን ያቃጠለኝ ምኑ ነው? ዘረፋውን ቀድሜ አውቄው ነበር፤ አልቅሼበትም ወጥቶልኛል። ያንገበገበኝ ሰው ፊት መነገሩ ነው። ዕድሜዬ ሲገፋ ደግሞ ሌላው እፍረት መጣ፤ እሱ ብቻውን ቆሞ ሲናገር እኔ ዝም በል እያልኩ መለመኔ። የመጀመሪያው እፍረት ከዓመታት ጋር ሳስቷል። ይሄኛው አልሳሳም።

ትናንት ሜሮን ከእጮኛዋ ጋር መጣች። የቤተሰቡ ትልቅ አንቺ ነሽና በሠርጉ ቀን ምርቃት ሰጥተሽ ስለ ዘር ማንዘራችን ጥቂት ታወሪልናለሽ አሉኝ። «ደስ የሚል ታሪክ አድርጊው እማማ» አለች ሜሮን ጉንጬን ስማኝ። እሺ አልኳት። ስለ አባቴ ነው የምናገረው፤ ወስኛለሁ። ልጆቼ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ድምፄ ይወጣ እንደሆነም እንጃ። ከአሁኑ ፊቴ ይግላል። ቢሆንም እቆማለሁ።